«ምንም አይደለም» የተባለው አጥንት

ጉልበቴ ድምፅ ማሰማት የጀመረው ግንቦት ላይ፣ ለክረምት ተከላ የሚወጣ ችግኝ በምናዘጋጅበት ሰሞን ነው። የምሠራው ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ነው። ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት በአፈር እንሞላለን፣ ዘር እንዘራለን፣ እናርማለን። ሥራው ሁሉ ቁጢጥ ብሎ የሚሠራ ነው። ቆይቼ ስነሳ ከቀኝ ጉልበቴ ዝቅ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ነገር እንደተወጠረ ገመድ ተንሸራቶ «ቋ» ይላል። ከዚያ ቦታው ያቃጥለኛል።

አጠገቤ የምትሠራው ልጅ መጀመሪያ የሰማች ቀን ዞር አለች።

«ምን ሰበርሽ?»

«ምንም።»

«እንዴ፣ ከአንቺ እኮ ነው የመጣው። እስቲ ቁጭ ብለሽ ተነሺ።»

ቁጭ ብዬ ተነሳሁ። ቋ አለ።

«በስመ አብ! እናንተ ኑ ስሙ! ይቺ ልጅ አትናገርም ስንል ጉልበቷ ጀመረላት!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ቀሚሴን ወደ ታች ስቤ ቦታውን ሸፈንሁት።

እዚያ ቦታ ላይ እብጠት እንዳለኝ ከድሮም አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ የባቄላ ፍሬ ታክል ነበር፤ ከእኔ ጋር አደገች። ጠንካራ ናት። ሲጫኗት ቆዳው ይንሸራተታል እንጂ እሷ ንቅንቅ አትልም። ሰው ሁሉ ያለው ይመስለኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርቴን ባቆምኩበት ዓመት፣ የክፍሌን ልጆች እግር አንድ በአንድ አይቼ ስጨርስ የእኔ ብቻ መሆኑን አወቅሁ። ለማንም አልተናገርሁም። በሰፈራችን እግሯ ላይ እብጠት ወጥቶባት ከጉልበቷ በላይ የተቆረጠች ሴት ነበረች፤ ከተቆረጠችም በኋላ ብዙ አልቆየችም። ስለዚህ እኔ የምፈራው ሕመሙን አልነበረም። እግሬን እንዳላጣ ነበር የምፈራው፤ ከእግሬም በኋላ ሌላውን።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ማነከሴን ስታይ ሸጎሌ በኩል ወዳለ ወጌሻ ወሰደችኝ። ሽማግሌው እግሬን ጭኑ ላይ አድርጎ በቅቤ ማሸት ጀመረ።

«ወለምታ ነው» አለ። «አጥንቷ ቦታዋን ለቃለች። እመልሳታለሁ።»

በአውራ ጣቱ እብጠቷን ወደ ውስጥ ተጫናት። ጥርሴን ነከስሁ። ደጋግሞ ሲጫን አልገባ አለችው። እጁ ቆመ።

«ይሄ መቼ ነው የወጣው፣ ልጄ?»

«ከልጅነቴ ነው።»

አክስቴን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እጁን ታጥቦ ተነሳ። አክስቴ ብር ስትዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ሐኪም ይያት» አለ። ወጌሻ የእጁን ካልተቀበለ ምን ማለት ነው? መንገዱን ሁሉ ይሄንን ሳስብ መጣሁ። በማግስቱ ቦታው አብጦ ጫማ ማድረግ እንኳ አቃተኝ።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ጻፈልን። ሆስፒታል ራጅ ተነሳሁና አንድ ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ራጁን ኮምፒውተር ላይ አየ፣ እግሬን አጠፈና ዘረጋ፣ ጣቱን እብጠቷ ላይ አድርጎ ቋ ሲል ሰማ። ፈጣን ተናጋሪ ነው። ጥያቄዎቹን ያከታትላቸዋል።

«በቤተሰብ እንዲህ ዓይነት እብጠት ያለበት ሰው አለ? እናት? አባት? ወንድም?»

«አላውቅም» አልሁ። እሱ አልሰማኝም፤ እኔ ስናገር ብዙ ሰው አይሰማኝም።

«ከማን ጋር ነው የመጣሽው?»

«ከአክስቴ።»

«ጥሩ፣ እሷን አስገቢልኝና አንቺ ሌላውን እግርሽን ራጅ ተነስተሽ ነይ።»

የሚያመኝ ቀኝ እግሬ ነው። ግራው ለምን ይነሳል? ከክፍሉ ሊያስወጣኝ እንጂ። ራጅ ክፍል ወረፋው ረዥም ነበር። ስመለስ አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋለች።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ነገረኝ። ትርፍ አጥንት ነው አለ፤ ከአጥንትሽ ላይ የበቀለ፤ ክፉ አይደለም፤ ስትተጣጠፊ ጅማትሽ በላዩ ላይ እያለፈ ስለሚፈገፈግ ነው የሚያምሽ። ከፈለግሽ ትንሽ አርፈሽ፣ ቁጢጥ ማለት ቀንሰሽ ልትተዪው ትችያለሽ፤ ከፈለግሽ በቀዶ ሕክምና እናነሳዋለን። በሁለት ሳምንት አስበሽበት ነይ። ወረቀት ሰጠኝ። እኔ ግን ግማሹንም አልሰማሁት፤ የማየው የአክስቴን ነጠላ ነበር።

ከበሩ ስንወጣ ጠየቅኋት።

«ምን አለሽ?»

«ምንም አይደለም ነው ያለው። ሰማሽው አይደል?»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ማን አለቀሰ? ጉንፋን ይዞኝ ነው። ነይ፣ ታክሲው ሳይሞላ።»

ግንቦት ላይ ጉንፋን።

አክስቴ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን አቆላማጭም አይደለችም። በዚያ ሳምንት ተለወጠችብኝ። ባልዲ ላነሳ ስል ቀማችኝ። እንቁላል ጠብሳ ከፊቴ አስቀመጠችና እሷ ሽሮ በላች። ልብስ ሳጥብ «ተዪው የኔ እናት፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለችኝ። የኔ እናት ብላ ጠርታኝ አታውቅም። አንድ ቀን ደግሞ በድንገት፣ «ለምን ወደ ጠበል አንሄድም?» አለች። ለጉልበት?

ይሄን ዓይነት ደግነት አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የጎረቤት ሴቶች በየተራ ፀጉሬን ይሠሩኛል፣ ፍርፍር ያጎርሱኛል፣ አንዷ አዲስ ጫማ ገዛችልኝ። እናትሽ ተሽሏታል፣ ትመጣለች ይሉኛል። አንድ ማለዳ ሳይነጋ ከእንቅልፌ ስነቃ ቤቱ ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሴቶች ተሞልቷል። ከሞተች አንድ ሳምንት አልፏት ነበር። ጫማውን የገዛችልኝ ቀን እናቴ ተቀብራለች። ሕመሟ ጨጓራ ነው አሉኝ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው፤ ለባለቤቱ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ደግ ይሆናል። ለበሽተኛም እንደዚያው ነው። የባሰ ነገር ሲገኝ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ለታመመው ሰው «ምንም አይደለም» ይባላል።

ስለዚህ «ምንም አይደለም» ሲሉኝ ምን ልበል? ደኅና ሰውም፣ ሊሞት ያለ ሰውም የሚባለው አንድ ቃል ነው።

ቅዳሜ ጎረቤታችን እማማ በሳህን ማር ይዘው መጡ። አጠገቤ ተቀመጡና ጉልበቴን በስስት አዩት።

«ታዲያስ ልጄ፣ ንስሐ አባትሽን በቅርብ አግኝተሻቸዋል?»

«ለምን እማማ?»

«እንዲያው ነው። ደኅና ሰውም ያገኛል እኮ። እግዜር የሚወደውን ነው የሚፈትነው።»

አክስቴ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ ስትጠቅሳቸው አየኋት። ማሩን አልቀመስሁትም።

ወረቀቴ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ፊደሉን እለያለሁ፣ ቃሉን ግን አላውቅም። ለሚያውቀኝ ሰው ባሳይ እንደሚዋሸኝ አውቃለሁ፤ የሚወደኝ ሁሉ ይዋሸኛል። ስለዚህ የማያውቀኝ፣ በተለይም ደግ ያልሆነ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ አዲሱ ገበያ ሄድሁ። ከአንድ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ባለሙያዋን ለረዥም ጊዜ አየኋት። ኮስታራ ናት። አንድ ሽማግሌን፣ «አባባ፣ ወረቀት ሳይዙ አይሸጥም አልኩ እኮ! ስንቴ ልንገርዎት?» ስትላቸው መንገዱ ማዶ ድረስ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ተሻገርሁ።

ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«ይሄ የራጅ ውጤት ነው» አለች። «መድኃኒት አልታዘዘበትም።»

«አውቃለሁ... ማለቴ፣ ምን እንደሚል እንዲያነቡልኝ ነው።»

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ያንቺ ነው?»

«የጎረቤቴ ነው። እሷ ማንበብ አትችልም።»

«አንቺስ?»

«እንግሊዝኛውን...»

ተነፈሰችና አነበበች። እኔ የማየው ከንፈሯን ሳይሆን ቅንድቧን ነው።

«የአጥንት ዕጢ ነው ይላል።»

የጠረጴዛዋን ጠርዝ ያዝሁ።

«ግን ካንሰር አይደለም። ካንሰር የሚመስል ነገር አልታየም ይላል። ትርፍ አጥንት ነው፤ እንደ እንጉዳይ ግንድ አለው፣ አናቱ ላይ ደግሞ የጆሮ አጥንት ዓይነት ለስላሳ ሽፋን አለው። ጅማት ካልነካ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ጎረቤትሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ አንድ።»

«እንግዲህ ቁመቷ መጨመር ካቆመ እሱም ያቆማል። ማደጉን ከቀጠለ ግን ታሳይ።»

«እግሯ አይቆረጥም?»

«ለዚህ? ምን ነካሽ! ለኪንታሮት ጣት ይቆረጣል?»

ስትቆጣኝ እንዴት እንደቀለለኝ! ወረቀቱን አጥፌ ዞርሁ። ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ቋ አለ። ቆም ብዬ ቦታውን በእጄ ያዝሁ። ቀና ስል ባለሙያዋ እግሬን እያየች ነው። ፊቷ ተለውጧል፣ ለስልሷል።

«አይዞሽ እሺ፣ እህቴ» አለችኝ።

አለቀ። ያች ሽማግሌውን የተቆጣች ሴት ለእኔ አይዞሽ አለችኝ። ወረቀቱ የእኔ መሆኑን ካወቀች በኋላ ያለችውን ትቼ ከማወቋ በፊት ያለችውን ልመን ብዬ ራሴን ተከራከርሁ። ደግሞ፣ ከመጀመሪያውም አውቃ ቢሆንስ? ስገባ እያነከስሁ ነበር እኮ። መንገዱን ሁሉ አንዱን እያመንሁ፣ ሌላውን እየጣልሁ፣ እንደገና እያነሳሁ ቤት ደረስሁ።

አክስቴ ምስር ትለቅማለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ።

«መድኃኒት ቤት ወረቀቱን አስነበብሁት። ክፉ አይደለም አሉኝ።»

እጇ ምስሩ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ ስታደርገው ምስሩ ተበተነ፤ አለቀሰች።

«እኔን ለማጽናናት ነው አይደል? አንቺ ነሽ እኔን የምታጽናኚው? አወቅሽ ማለት ነው።»

«ምኑን ነው ያወቅሁት?»

«በቃ ተይው።»

«እቴቴ፣ ምኑን ነው ያወቅሁት? እውነቴን ነው፣ ክፉ አይደለም ብለውኛል!»

«ለበሽተኛማ ምን ይበሉ?»

ያኔ ነው የገባኝ። እሷም እንደ እኔ ናት። ሐኪሙ ክፉ አይደለም ብሏታል፣ እሷም አላመነችውም። ግን አለማመኗ ከባዶ አልተነሳም ነበር።

«ያን ቀን ምን ጠየቀሽ?» አልኋት።

ነጠላዋን አስተካከለች። «በቤተሰብ እንዲህ ያለ እብጠት ያለበት አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። ቀጥሎ፣ በዕጢ የሞተ ሰው አለ ወይ አለኝ።»

«እና?»

«እናትሽ በጨጓራ አይደለም የሞተችው።»

ምስሩ መሬት ላይ ተበትኖ ነበር። አንድ አንዱን ማንሳት ጀመርሁ፤ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ነው።

«ያ በሽታ ነበር» አለች። «ሆዷ ውስጥ። እሷም ራሷ አታውቅም ነበር። ምንም አይደለም እያልናት ነው የሄደችው። ሐኪሙ ያንን ሲጠይቀኝ፣ በቃ ወደ ልጅቷ መጣ አልሁ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ልጅ ነበርሽ።»

«አሁንስ? አሁን ልጅ ነኝ? ለእማማ ስትነግሪያቸው ለእኔ ግን የማትነግሪኝ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። አክስቴም ደንግጣ አየችኝ። እናቴ ሳታውቅ መሄዷ ከሁሉም በላይ ቆረጠኝ። እሷም እንደ እኔ የሰው ፊት ስታነብ፣ ደግነታቸውን ስትቆጥር ሰንብታ ይሆናል። ማን ያውቃል። የሚጠየቅ ሰው የለም።

የቀጠሮው ቀን ሁለታችንም አብረን ገባን። ሐኪሙ ወንበር አሳየን። አክስቴ ዓይኑን ታያለች፣ እኔ እጁን። ነገሩን እንደገና አስረዳን፤ የእናቴ ሕመምና ይሄ አጥንት እንደማይገናኙ፣ ጥያቄው የተለመደ ጥያቄ እንደሆነ፣ ግራ እግሬን ያስነሳውም ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ትርፍ አጥንት እንዳይኖር ለማየት እንደሆነ ነገረን። ግራው ንጹሕ ነው። ሁሉም ልክ ነበር፣ ሁሉም መልስ ነበረው። ሰው ሊዋሽም ሲዘጋጅ ሁሉም መልስ ይኖረዋል።

ለብዙ ቀን ያብሰለሰልሁትን ጥያቄ መሬት መሬት እያየሁ አወጣሁት።

«ዶክተር፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር?»

ቀና ብዬ አየሁት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «አልነግርሽም ነበር። መጀመሪያ ለአክስትሽ ነበር የምነግረው። ቤተሰብ እንደዚያ ነው የሚፈልገው፤ ለበሽተኛው ከነገርን በር ላይ ይጣሉናል። አንቺን ትንሽ ነገር ናት፣ ትወጣለች እልሽ ነበር።» ትንሽ አሰበ። «ግን ያኔ አስበሽበት ነይ አልልሽም ነበር። ክፉ ነገር የያዘውን ሰው ሁለት ሳምንት አስብ፣ ከፈለግህ ተወው ብዬ ወደ ቤቱ አልሰድም። ነገ አስተኛሽ ነበር።»

አክስቴ «እውነት ነው» አለች በቀስታ። «እናትሽን በማግስቱ ነው ያስተኟት።»

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲዋሹኝ እንጂ፣ እዋሽሽ ነበር ያለኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሙሉ በሙሉ አመንሁት አልልም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የምይዘው ነገር አገኘሁ።

«እንዲነሳ እፈልጋለሁ» አልሁ። «ቁጢጥ ካላልሁ ሥራ የለኝም። ከተነሳ በኋላ ግን የተገኘውን ለእኔ ነው የሚነግሩኝ። ለብቻዬ።»

«የስምምነት ወረቀቱንም አንቺ ትፈርሚያለሽ?»

አክስቴ እጇን ወደ እስክሪብቶው ዘርግታ ነበር፤ በቤተሰብ ነው የሚፈረመው መስሏት። መለሰችው። በአማርኛ ስሜን ቀስ ብዬ ጻፍሁ።

ሐምሌ ላይ ተሠራሁ። ከወገቤ በታች አደንዝዘውኝ ነቅቼ ነበር፤ እንዳልተኛ እኔ ነኝ የለመንኋቸው። በመካከላችን አረንጓዴ ጨርቅ ተጋርዷል። የመዶሻ ድምፅ የመሰለ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰማ። እግሬ የእኔ አይመስልም ነበር፤ መኖሩም አይሰማኝም። ነርሷን «እግሬ አለ?» አልኋት። ሳቀች። ጨርቁን ዝቅ አድርጋ የእግሬን ጣቶች አሳየችኝ። ቢጫ መድኃኒት ተቀብተዋል። አምስቱንም ቆጠርሁ። ሐኪሙም ያነሳውን በሳህን አመጣልኝ፤ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ አናቷ ሰማያዊ ነጭ የሆነ፣ የምታብረቀርቅ ነገር። ያች ናት በሃያ አንድ ዓመቴ ያስፈራችኝ። «ለምርመራ ትላካለች» ሲል እንደገና ደነገጥሁ። ክፉ ካልሆነ ለምን ይመረመራል? «የሚወጣ ነገር ሁሉ ይመረመራል» አለኝ። ጨርቁ ተመለሰ።

ውጤቱ የደረሰ ዕለት በክራንች ሄድሁ። አክስቴን ኮሪደሩ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ ቃል በቃል በጣቱ እየተከተለ ወደ አማርኛ ተረጎመልኝ። ያልገባኝን አስደገምሁት። ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምሁት፤ አልተቆጣም፣ አላባበለኝምም። ሲጨርስ፣ «በቃ፣ ስፌቱን የምታስወጪበት ቀን እንገናኝ» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። በዓለም ላይ ይሄንን ነገር በመጀመሪያ ያወቅሁት፣ ከእሱ ቀጥሎ፣ እኔ ነኝ።

ስወጣ አክስቴ ከወንበሯ ተነስታ ፊቴን አየች። ኮሪደሩ በወረፋ ጠባቂ ተሞልቷል። ምን ብዬ እንደማሳምናት አሰብሁ። ምንም አይደለም ብላት አታምነኝም። ደኅና ነኝ ብላትም አታምነኝም።

«ካንሰር አይደለም!» አልኋት፣ ጮክ ብዬ።

ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። አክስቴ ደንግጣ እጇን አፌ ላይ አደረገች።

«ዝም በይ! ስሙን አትጥሪ!»

እጇን ከአፌ ላይ አንስቼ እንደገና አልሁት።